የጣሪያው ጠብ

ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ከጥዱ ሥር ቁጭ ብሎ፣
ጋሽ ስጦታው ጻፈልኝ መቶ ብር ተቀብሎ።
«ስም?» አለኝ። «የሻረግ።» «ሥራሽስ?» «ልብስ ስፌት።»
«መኖሪያ?» «ሳሙና በር፣ ከወፍጮው ጀርባ፣ የሰው ቤት።»
«ሐሳብሽን ባጭሩ» ይለኛል ደጋግሞ፤
የአንድ ክረምት ዝናብ በምን ያጥራል ደግሞ?
የሱ ጽሑፍ ይኸው፣ ከመዝገብ ገብቷል፤
ከጠርዙ የፈሰሰው ግን ለኔ ቀርቷል።

አቶ ቢምረው ያሉት እውነት ነው፣ አልክድም፤
አራት ወር አልከፈልሁም፤ ማበልም አልወድም።
ነገር ግን ይጠየቅ፣ ገንዘቡ የት ገባ?
አልበላሁት፣ አልጠጣሁት፣ አልገዛሁበት ካባ፤
ቀና ብለው ይዩት፤ ጥሬ ብር ነበረ፣
አሥራ አራት ቆርቆሮ ሆኖ ተቸነከረ።

አምና በሐምሌ ወር፣ ባንገረብ በኩል ሲመጣ፣
ሌሊት እነሣለሁ ሳፋና ድስት ላወጣ፤
ጠብ፣ ለራስጌ። ጠብ፣ ለልጄ ደብተር።
ጠብ፣ የሰው ልብስ ላይ፣ ስፌት መኪናዬ ሥር።
ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጠባችን ከላይ ነው የወረደ፤
በኛ መሐል ሆኖ ከቂም ያልተወለደ።

ደወልሁላቸው። ነበሩ አዘዞ፣
ልቅሶ ላይ ናቸው፣ ሰው እጃቸውን ይዞ፤
«አንቺው አሠሪው» አሉ፣ «ከኪራይ ይታሰባል፤
ዛሬ የወንድሜ ሣልስት ነው፣ ልቤ የት ያስባል?»
ይህን ቃል ማን ሰማ? ማንም አልነበረ፤
ከስልኩ ውስጥ ወጣ፣ ካየር ተባበረ።
ዛሬ «አላልሁም» ይላሉ። ረስተውት ይሆናል፤
ሐዘን ያሰከረው ሰው ቃሉ የት ይጸናል?

እኔ ግን ደረሰኝ አለኝ፣ ካራዳ ገበያ፣
የቆርቆሮ፣ የሚስማር፣ የጋሪም መክፈያ፤
አሥራ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ይላል ድምሩ፤
የአራቱ ወር ኪራይ አሥር ሺህ ነው፤ ይቁጠሩ።
በሁለት ሺህ ሦስት መቶ እኔ ነኝ አበዳሪ፤
ዕዳ ያለበት ማነው፣ ባለቤት ወይስ ነዋሪ?

ከታኅሣሥ ወዲህ ደግሞ ስከፍል በየወሩ፣
ቆጥረው ተቀበሉ፤ ስላለፈው አልተናገሩ።
ግንቦት ላይ የጎረቤት ቤት ባምስት ሺህ ተከራየ፤
ያን ጊዜ ነው የአምናው ዕዳ ድንገት የታየ።

ምስክሬ አደራጀው ነው፤ መዶሻ የለመደ፣
ችሎት ሲቆም ጊዜ ጉልበቱ የራደ።
«ምን ሠራህ?» ቢባል፣ «ቤት መታሁ» አለና፣
ጸሐፊው ግጥም መስሎት ካቀረቀረበት ቀና።
ሳቅ ሆነ። እሱ ግን አልሳቀም፣ ቆጠረ፣
በጣቱ፣ በሚስማር ቆስሎ በጠቆረ፦
«አሥራ አራት። አንዱ ቀዳዳ ነበረው፣ ቀየርሁት።
ሻይም ሰጥታኛለች። ሒሳቤን ተቀበልሁት።»

ጠበቃቸው ተነሣ፦ «የጽሑፍ ውል የታለ?
ያለ ፈቃድ ማደስ ኪራይ ያስቀራል ማን አለ?»
ጥሩ ጥያቄ ነው። ለኔም ከበደኝ።
ዝናቡ ግን ውል ሳይፈርም ነው ገብቶ ያበረደኝ።

ደግሞስ ይች ጎንደር ልማዷ ነው፣ አይፈረድባት፤
ጣራ የሌለውን ግንብ በቲኬት ነው የሚያዩባት።
እኔ ግን አልነግሥም፤ ሐውልት አይቁምልኝ፤
ልጄ በደረቅ ደብተር ፊደል ትጻፍልኝ።

ይህን ስል ደመናው ከላይ አጉረመረመ፤
ችሎቱ ዝም አለ፤ የሁሉም ዓይን ቆመ።
ጠብ።
ከዳኛዋ ጠረጴዛ ጥግ።
ጠብ።
ጸሐፊው መዝገቡን በክንዱ ሰብሰብ፣ ሰብሰብ።
የኔው መዝገብ ነበር ከሥር፣ ጠርዙ ረጥቦ፣
ስሜና ስማቸው ባንድ ቀለም ተስቦ።
አቶ ቢምረው ቀና አሉ። እኔም ቀና አልሁ።
ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ እንጃ፣ አላረጋገጥሁ።

ዳኛዋ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ ሳቡ፤
«ቤቱን ባለሙያ ይየው፤ ለጥቅምት ቅረቡ።
እስከዚያ አትወጪም።» አልሁ፦ «ይሁን በጽሑፍ፤
ከእንግዲህ በኔ ቤት ቃል በነፋስ አያልፍ።»

ስወጣ ጋሽ ስጦታው ከጥዱ ሥር ርሶ፣
ጃንጥላውን ለመጻፊያው መኪና አልብሶ።